ሠላሳ ሁለት ቀንሶ መተው

ንፋስ መውጫ ገበያ ሽሮና በርበሬ እሸጣለሁ። ትምህርት ቤት ለወላጅ ስብሰባ ካልሆነ ረግጬ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ግን ዘበኛውን ገፍቼ ነው የገባሁት። ደሜ ፈልቶ ነበር።

ትንሹን ልጄን ማሩን ትኩሳት ያዘው። እህቴ ዘርትሁን ከደብረ ታቦር ባመጣችልኝ የሙቀት መለኪያ ብንለካው መቶ ሦስት አለ። ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ፍቅር አየችውና «ኤፍ ይላል እማ፤ የፈረንጅ ነው» አለችኝ። ከፈረንጅ ሰዓት ስድስት፣ ከፈረንጅ ዓመት ሰባት ስምንት እንደሚቀነሰው ሁሉ ከዚህም ሠላሳ ሁለት ቀነሰች። ሰባ አንድ ወጣ። «ሰው ሰባ አንድ አይደርስም፤ ዕቃው ተበላሽቷል» አለች። የተማረች ናት ብዬ አመንኳት። ጋቢ ደራርቤ አስተኛሁት።

በማግስቱ አንገቱ ሲገተር ነው ጤና ጣቢያ የሮጥኩት። ማጅራት ገትር አሉኝ። ነፍሱ ተረፈች፤ ጆሮው ግን አይሰማም፤ ስሙን ስጠራው አይዞርም። ነርሷ መለኪያውን አይታ «ይሄ ደህና ነው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ማለቱ ነው፤ ያኔውኑ ብታመጪው ኖሮ» አለችኝ። ይህን ለፍቅር አልነገርኳትም። የምነግረው ላስተማራት ነው ብዬ ቆርጫለሁ።

የፍቅርን ክፍል በር ሳላንኳኳ ከፈትኩት።

«የሒሳብ መምህሩ አንተ ነህ?»

መምህር ክንዱ ጠመኔ እንደያዘ ዞረ። «አዎ። ምነው እናቴ፣ በሰላም ነው?»

«የምን ሰላም! ሙቀት መቀየር አስተምረሃታል ይቺን ልጅ?»

«አስተምሬያለሁ። ፍቅር ደግሞ ፈተናውን ደፍናዋለች። እስቲ በያቸው፣ ፍቅር።»

ልጄ ተነሥታ «ኤፍ ኢኩዋልስ ናይን ኦቨር ፋይቭ ሲ ፕላስ ሠርቲ ቱ» ብላ አንበለበለችው። ዳዊት ደገመች ማለት ይቻላል።

«ትርጉሙስ?» ብላት ያንኑ ደገመችልኝ።

«ቤተ ልሔም ድጓ የተማረው አጎቴ ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል ይላል» አልኩት። «አንተ ንባቡን ብቻ ሰጥተህ ደፈነች ትለኛለህ! በል አሁን እፊቴ ተርጉምላት!»

ፊቱ ቀላ። ሰሌዳው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ።

«ሰዓት ላይ መነሻው ብቻ ነው የሚለየው» አለ ለተማሪዎቹ። «የኛም የነሱም አንድ ሰዓት እኩል ነው። ሙቀት ላይ ግን እርምጃውም ይለያል። የኛው ሲ አምስት ሲራመድ የነሱ ኤፍ ዘጠኝ ይራመዳል። ስለዚህ ሠላሳ ሁለት ቀንሳችሁ አትተዉትም፤ የቀረውን በአምስት አባዝታችሁ ለዘጠኝ ታካፍላላችሁ።»

ይኸው! ይህን ለማለት ስንት ጊዜ ፈጀበት? ውሃ እንኳ አይፈላበትም። ንዴቴ ባሰ።

«መቶ ሦስትን ታውጣው!» አልኩ።

ፍቅር ወጣች። ቀነሰች፣ አባዛች፣ አካፈለች። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት ብላ ጻፈች።

«ጎበዝ!» አለ መምህሩ። ልጆቹ አጨበጨቡላት።

«ምን ያስጨበጭባል!» ብዬ ጮህኩ።

ፍቅር ከሰሌዳው አልተንቀሳቀሰችም። ቁጥሩን አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማ፣ ዕቃው አልተበላሸም ነበር እንዴ?»

«አንተ ንገራት!» አልኩት መምህሩን። «ያስተማርካት አንተ ነህ፣ አንተ ንገራት!»

ልጄ የምትጠይቀው ግን እኔን ነበር።