የቴፑ አርባ ግራም

በንፋስ ስልክ በነበረው የሚስማር ፋብሪካ በር ላይ ሳይመዘን የሚያልፍ ነገር ቢኖር ነፋስ ብቻ ነበር። ነገሩ የተጀመረው አንድ ሠራተኛ በምሳ ዕቃው ሁለት ኪሎ ሚስማር ይዞ ሊወጣ ሲል ከተያዘ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲገባም ሲወጣም ምሳ ዕቃ ይመዘናል፣ ቦርሳ ይመዘናል፣ የሥራ አስኪያጁ ዣንጥላ እንኳ ሳይቀር ይመዘናል።

መዛኙ ዋቅጅራ ነበር። ዋቅጅራ የላፍቶ ገበሬ ነው። አብዮቱ መሬቱን ለሰፊው ሕዝብ ሲያከፋፍል ከሰፊው ሕዝብ መሃል እሱ ብቻ ተረስቶ፣ በካሣ መልክ አንዲት ባለ መርፌ ሚዛንና አንድ ወፍራም መዝገብ ደረሰው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ግራም አዛብቶ አያውቅም። ሠራተኛው ‘ድርቅ ያለ ሰውዬ’ ይለዋል፤ እሱ ደግሞ ይህን እንደ ሜዳሊያ ቆጥሮት ይኮራል።

በሰባ ስምንት ዓ.ም. ፋብሪካው ውስጥ ‘የኮምፒዩተር ክፍል’ የሚባል ነገር ተከፈተ። ክፍሉ አንድ ጠረጴዛ የሚያህል ማሽን፣ ነጋ የሚባል ኃላፊና ገዲሴ የምትባል ጸሐፊ ነበሩት። ገዲሴ የፋብሪካውን መዝገብ ሁሉ ከወረቀት እያየች በማሽኑ ትመታለች፤ የመታችው በጥቅልል ቴፕ ላይ ይቀረጻል። ማሽኑ መቅረጽ እንጂ ማንበብ አይችልም። የሚያነበው ማሽን ያለው መሃል ከተማ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ እሱም ከተበላሸ አራት ወሩ ነው፤ መለዋወጫው ከወንድም ሶሻሊስት አገር እየመጣ ነው፣ ገና አልደረሰም እንጂ።

ገዲሴ ስድስት ወር መታች። ቴፑ ሲያልቅ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሊላክ ወደ በሩ ወጣ። ዋቅጅራም እንደ ደንቡ መዘነው፤ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። መዝገቡን ገለጠ። ቴፑ ባዶውን የገባ ዕለትም አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ነበር። በእርሳሱ ጫፍ ምላሱን ነካ አደረገና በ‘አስተያየት’ ዓምድ ስር በጥሩ እጅ ጽሕፈት ‘ልዩነት የለም’ ብሎ ጻፈ። ጠንቃቃነቱን ወዶ ፈገግ አለ።

ያችን ሁለት ቃል ጓድ ግዛው አነበባት።

ጓድ ግዛው የፋብሪካው ካድሬ ነው። ውጭ አገር አራት ወር ሰልጥኖ ሲመለስ ያላመጣው እውቀት አልነበረም፤ የቀረው የሚነግረው ሰው ማግኘት ብቻ ነበር። ቴፑን በሩ ላይ አስቀረውና በማግስቱ ሠራተኛውን ለግምገማ ሰበሰበ።

“ጓዶች! ስድስት ወር ተሠርቷል ተባለ። ቴፑ ግን አንዲት ግራም አልጨመረም። ሥራው የት ገባ?”

ነጋ እጁን አወጣ። “ጓድ፣ ቴፑ ላይ ያለው ማግኔት ነው። እኛ እናስተካክለዋለን እንጂ የምንጨምርበት ነገር የለም። አንድ ኪሎ ሚስማር ቢበታተንም ቢደረደርም ያው አንድ ኪሎ ነው።”

“ሚስማር የሌለበት ቴፕ ውስጥ ሚስማር ምን አመጣው?” አለ ጓድ ግዛው። ነጋ ቁጭ ሲል ጓድ ግዛው ቀጠለ። “ያለ ነገር ሁሉ ቁስ አካል ነው። ቁስ አካል ሁሉ ክብደት አለው። ክብደት ሳይኖረው አለ የሚል ሰው ሃሳባዊ ነው፤ አድሃሪ ነው። ገዲሴ ለሜሳ፣ ተነሺ! ሥራሽ እዚህ ውስጥ አለ?”

“አለ።”

“ይታያል?”

“አይታይም።”

“ይመዝናል?”

“አይመዝንም።”

“ታዲያ መኖሩን በምን አወቅሽ?”

“የሠራሁት እኔ ነኛ።”

“ሰማችሁ? ይህ ጸሎት ነው!”

ገዲሴ ጴንጤ መሆኗን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ወንድሟ ቱሉ ሰው ቤት ተሰብስቦ ሲዘምር ተይዞ ከታሰረ ዓመት አልፎታል፤ እናታቸው አሁንም ስንቅ ታመላልሳለች። አሁን ደግሞ ‘የኢኮኖሚ አሻጥር’ የሚል ክስ ከላይ ሲጨመርባት የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል። ዋቅጅራ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ መዝገቡን ብብቱ ስር ሸጎጠ። የገዲሴ አባት ለሜሳ ነፍሱን ይማረውና ዋቅጅራ በሬ ሲጎድልበት በሬ እያበደረው አብረው ያረሱ ጓደኛው ነበር። ልጁን ግን እሱ በሁለት ቃል ሊያስበላት ነው፤ ያውም በጥሩ እጅ ጽሕፈት።

“ጓድ ዋቅጅራ! ሚዛንህን አምጣና ሕዝቡ ፊት መዝን!” አለ ጓድ ግዛው።

ዋቅጅራ ሚዛኑን ጠረጴዛ ላይ አኖረ፤ ቴፑን ሰሃኑ ላይ አስቀመጠ። ዘጠኝ ዓመት ያልነካውን የሰሃን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ። ጆሮው ጋለ። ሌባ መሆን እንዲህ ነው ለካ ብሎ አሰበ።

“አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ አርባ” አለ። “ያን ቀን... መነጽሬን አላደረግሁም ነበር።”

ዋቅጅራ መነጽር ኖሮት አያውቅም። ሠራተኛው ግን አጨበጨበ። ጓድ ግዛው ግን ሳይንሳዊ ሰው ነውና በአንድ ሙከራ አልረካም። በመጋቢት ጉባኤ ለስድስት ሰዓት ያነበበውን ሪፖርቱን አወጣ።

“ገዲሴ ይህን በባዶ ቴፕ ትምታ። በወሩ እንግዶች ባሉበት ይመዘናል። ክብደት ከጨመረ ነፃ ናት። ካልጨመረ ግን ጉዳዩ ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ይሄዳል።”

ገዲሴ ወር ሙሉ የጓድ ግዛውን ሪፖርት ስትመታ ከረመች፤ ከዚህ የባሰ ቅጣት ከፍተኛው ራሱም አያገኝላትም ነበር። ዋቅጅራም ወር ሙሉ አውራ ጣቱን እያየ ከረመ።

ቀኑ ደረሰ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡት ሁለት እንግዶች ከፊት ወንበር ተቀመጡ። አንደኛው ገና ከመጀመሩ “መዛኙ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይራቅ፤ ቴፑን ጓድ ግዛው ራሳቸው ያስቀምጡ” አለ። ዋቅጅራ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። ገዲሴን ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

ጓድ ግዛው የባዶውን ቴፕ ክብደት ከመዝገቡ አነበበ፤ “አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ።” ከዚያ ሪፖርቱ የተመታበትን ሰሃኑ ላይ አኖረ። መርፌዋ ተወዛወዘችና ቆመች። አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ።

የጓድ ግዛው ፊት መጀመሪያ በደስታ በራ፤ አሻጥሩ ተጋለጠ። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ትዝ ያለው መሰለ። ሰሃኑ ላይ ያለው የገዲሴ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ስድስት ሰዓት ያነበበው፣ አሥራ ሰባት ጊዜ የተጨበጨበለት የራሱ ሪፖርት ነው። ክብደት የሌለው ነገር ደግሞ የለም፤ ይህን ያለው እሱ ራሱ ነው። እንግዶቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

“ስንት አለ ጓድ?”

ጓድ ግዛው መርፌዋን አጥርቶ የሚያይ መስሎ አጎነበሰ። በግራ እጁ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ዋቅጅራ ከጎኑ ስለነበር አየው፤ አውራ ጣቱ ቀስ እያለ ተንፏቀቀና ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ዐረፈ።

“አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ሃምሳ!”

ጭብጨባው ግድግዳውን አናወጠው። ገዲሴ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ዋቅጅራም ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከሳቅ ይሁን ከእፎይታ እሱም አላወቀውም።

አመሻሹ ላይ ጓድ ግዛው ከበሩ ሲወጣ ቦርሳውን ለሚዛን አቀበለው። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ጓድ ዋቅጅራ፣ ያን ቀን የአንተው አርባ...”

ዋቅጅራ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቦርሳውን መዘነና መዝገቡ ላይ ጻፈ።

“ከእርስዎ በአስር ግራም ያንሳል፣ ጓድ” አለው።