ከኋላ በስተግራ ያለው ጎማ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኸልፋን መኪናዋን ከማየቱ በፊት ድምጿን ሰማ። ከሩቅ እንደሚጎሰም ከበሮ ያለ፣ እየቀረበ ሲመጣ የሚጎላ ጉርምርምታ ነው። በእጁ የያዘውን ጨርቅ አስቀምጦ አዳመጠ። መኪናዋ ጋራዡ በር ላይ ስትቆም ጉርምርምታው አብሮ ቆመ፤ ሞተሩ ግን እንደበራ ነው። እንግዲያው ነገሩ ከሞተሩ ሳይሆን ከጎማዎቹ አካባቢ ነው። ኸልፋን ይህን ያህሉን ሰላምታ ሳይለዋወጡ ያዘ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አቡ ማጂድ። ሰሙት አይደል?» አለ ሙሃና ከመኪናዋ ሳይወርድ፣ ኸልፋንን በልጁ ስም ጠርቶ።

«ወዐለይኩም ሰላም። እኔ ብቻ? የአዋቢ ከተማ በሙሉ ሰምቶታል።»

«ይሳቁ እርስዎ። እኔን ግን ሊያስለቅሰኝ ነው።»

ሙሃና ተራራው ላይ ካለችው ከአል-ሐይል መንደር ነው። የመንደሩን አሥራ አንድ ሴት ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት አዋቢ ወዳለው ትምህርት ቤት ያወርዳል፤ ቀትር ላይ ይመልሳል። ሌላ ሥራ የለውም። በአንድ ዓመት ውስጥ ከኋላ በስተግራ ያለው ጎማ የሚዞርበት ኩሽኔታ ሁለት ጊዜ ተበልቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ የቀየረለት ኸልፋን ነው።

«የመንደራችን አለቃ ሼህ ዛሂር ትናንት የልጆቹን አባቶች ሰብስበው ነበር» አለ ሙሃና። «‹ልጆቻችንን በገደል አፋፍ የምታወርድ መኪና እንዲህ ማጉረምረም የለባትም። እሑድ ጠዋት የትምህርት ሳምንቱ ሲጀመር ድምጿን ከሰማሁ ሥራው ለሌላ ሹፌር ይሰጣል› አሉኝ። ደግሞ…»

«ደግሞ ምን?»

«ይተዉት።»

«ጀምረኸዋል፤ ጨርሰው እንጂ።»

«‹ኸልፋን የሚገጥምልህ የውሸት ዕቃ ነው› የሚሉም አሉ። እኔ አላልኩም!»

ኸልፋን ሃያ ሁለት ዓመት በጦር ሠራዊቱ የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እዚያ የለመደው፣ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት መንዳትና ማየት ነበር። «ውረድ፤ እኔ ልንዳት» አለ።

በመጀመሪያ አዲሱ አስፋልት ላይ ወጣ። ፍጥነቱ ስልሳ ሲደርስ ጉርምርምታው መጣ። ፍጥነቱን ሳይለውጥ ጠጠሩ ወዳገጠጠው አሮጌ መንገድ ገባ። ያለ ቅጥ የተበላ ጎማ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሲለወጥ ድምፁም ይለወጥ ነበር፤ ይኼኛው እንደዚያው ሆነ። ማርሹን ነጻ አድርጎ ለቀቃት፤ ድምፁ ከፍጥነቱ ጋር ቀስ እያለ ሄደ እንጂ አልጠፋም። ከዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። የመኪናዋ ክብደት ወደ ግራ ሲያጋድል ጉርምርምታው ማጓራት ሆነ። ወደ ግራ ሲጠመዝዝ ድምፁ ጠፋ።

«ከግራ ነው» አለ።

«እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ!»

«አንተ ድሮ አውቀሃል። እኔ ያወቅሁት አሁን ነው።»

ጋራዡ ውስጥ በክሪክ አነሷት። ኸልፋን አንድ እጁን የፊተኛው ሞላ ላይ አሳርፎ በሌላው ጎማውን አሽከረከረ፤ ምንም የለም። ወደ ኋላ ሄዶ ያንኑ ደገመ። ሞላው በመዳፉ ሥር እንደ ድመት ሆድ ተንዘረዘረ። ሙሃናም እንዲነካው ምልክት ሰጠው። ሙሃና ነክቶ ቶሎ እጁን ሳበ።

ኩሽኔታው ሲወጣ ግሪሱ ወተት የበዛበትን የከረክ ሻይ መልክ ይዞ ነበር። ኸልፋን በሁለት ጣቶቹ አሻሸው፤ ደቃቅ አሸዋ ቆረቆረው።

«ውሃ ጠጥቷል።»

«የምን ውሃ? ከመጋቢት ወዲህ ዝናብ የታለና!»

«ወንዝ ታቋርጣለህ?»

«የታችኛውን መሻገሪያ ብቻ። ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም፤ ፍየል እግሯን ሳታነሳ ታልፈዋለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ውሃ የለም። ወላሂ።»

ኸልፋን ሳይጠየቅ የቀኙንም ፈታ። ግሪሱ ንጹሕ ነው፤ ቡናማነቱ አልተለወጠም። የመጨረሻ ጊዜ ሁለቱንም የገጠማቸው በአንድ ቀን፣ ከአንድ ካርቶን አውጥቶ ነበር። የዕቃው ጥፋት ቢሆን ሁለቱም አብረው ይበላሹ ነበር። መሻገሪያው ቢሆን ደግሞ ሁለቱንም እኩል ያረጥባቸው ነበር። ከሁለቱም ግሪስ በጣቱ ጠረግ አድርጎ አንዲት የካርቶን ቁራጭ ላይ ጎን ለጎን ቀባና መደርደሪያው ላይ አኖራት። በግራ በኩል አዲስ ኩሽኔታ ገጥሞ እጁን ታጠበ።

«አብሬህ ልውጣ» አለ። «ነገ ካንተ ጋር ልዋል።»

«ነገ እኮ ጁምዓ ነው። የትም አልሄድም።»

«የትም የማትሄድበትን ቦታ ልየዋ።»

በማግሥቱ አል-ሐይል መስጊድ በር ላይ ሼህ ዛሂር ከዘራቸውን ተደግፈው ኸልፋንን ከኩማ ቆቡ እስከ ጫማው አዩት።

«መካኒኩ ራሱ እንግዳችን ሆነ? መልካም። እሑድ እኔም ከልጆቹ ጋር እወርዳለሁ። ጆሮዬ ገና አልደነቆረም።»

«ጌታ ያቆይልዎ» አለ ኸልፋን።

ከሶላት በኋላ ሙሃና ባልዲ፣ ብሩሽ፣ ሳሙናና በጨርቅ የተቋጠረ የሩዝ ድስት መኪናዋ ላይ ጫነ።

«ወዴት ነው?» አለ ኸልፋን።

«ላጥባት ነዋ! ሼህ ዛሂር ሥራውን የሰጡኝ ለምን ይመስልዎታል? እንደኔ መኪናውን የሚያጥብ ስለሌለ ነው። በየጁምዓው ሳላጥባት ቀርቼ አላውቅም።»

«የት?»

«ታች፣ ቁርቁራው ዛፍ ሥር። ሁሉም እዚያ ነው የሚያጥበው።»

ኸልፋን ገብቶ ተቀመጠ። ቁልቁለቱ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሙሃና በየጠመዝማዛው ፍሬን እየረገጠ ወረደ፤ ግማሽ ላይ ሲደርሱ የጋለ ብረት ሽታ በመስኮቱ ገባ። ታች ሸለቆው ውስጥ ወንዙ ተኝቶ ኩሬ የሚሠራበት ቦታ ላይ ሦስት መኪናዎች ጎማቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ቆመዋል። ሰዎቹ ልብሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ያጥባሉ።

«ሙሃና! ቦታህን ጠብቀንልሃል!» ብሎ ጮኸ አንዱ።

ሙሃና እጁን አውለብልቦ መኪናዋን አዞረና ወደ ውሃው በኋላ ማርሽ መግባት ጀመረ። ኸልፋን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ አየ። በቀኝ በኩል ጠፍጣፋ አለት አለ። በግራ በኩል ውሃው ጠቁሯል፤ አሸዋው ላይ ብዙ ጊዜ የተመላለሰ ጎማ የቆፈረው ቦይ ይታያል።

«ቁም!»

ሙሃና ደንግጦ ፍሬን ያዘ። የኋላ ጎማዎቹ ከውሃው ሁለት እርምጃ ርቀው ቆሙ።

ኸልፋን ወርዶ በእፍኙ ውሃ ቀዳና የግራው ጎማ መሃል ያለው ብረት ላይ ረጨ። ብረቱ ጭስስ አለ። ቀኙም እንደዚያው። ከዚያ የወደቀ እንጨት አንስቶ ውሃውን ለካ። አለቱ ላይ ከእንጨቱ የራሰው አንድ ስንዝር አይሞላም። ቦዩ ውስጥ ከግማሽ በላይ ራሰ። ቀጥሎ ወደ ጎረቤቱ መኪና ሄዶ፣ ባለቤቱ አፉን ከፍቶ እያየው፣ ጎማው መሃል መዳፉን አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነው።

«ከየት ነው የመጣኸው፣ ወንድሜ?»

«ከዚያ ማዶ፣ ከተምር ማሳው» አለ ሰውየው። «ምነው? ትኩሳት አላት?»

ኸልፋን ወደ ሙሃና ተመለሰ።

«ሌላ ውሃ የለም ብለህ ምለህልኝ ነበር።»

«ታዲያ ዋሸሁ? ይኼ እኮ መታጠብ ነው!»

«ዋግምት ተደርጎልህ ያውቃል?»

«አባቴ ነበር የሚሠራልኝ። ምን አገናኘው?»

«ዋንጫውን አሙቆ ቆዳህ ላይ ሲደፋው፣ ሲበርድ ምን ያደርጋል?»

«ሥጋዬን ስቦ…» ሙሃና ንግግሩን አቋርጦ ጎማውን አየ።

«ኩሽኔታው ከተራራው ግሎ ይወርዳል። እንደጋለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ። በውስጡ ያለው አየር ሲኮማተር ውሃውን ከነአሸዋው ስቦ ያስገባል። ቀኙ አለቱ ላይ ስለሚቆም ይተርፋል። ግራው በየሳምንቱ ይጠጣል።»

«አባቴም እዚሁ ነበር የሚያጥበው» አለ ሙሃና ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ከየት እየመጣ?»

«ያኔ ቤታችን እዚሁ ታች ነበር።»

ኸልፋን ባልዲውን አነሣና ሰጠው። ሙሃና መኪናዋን ደረቅ ጠጠር ላይ አቁሞ ውሃ ማመላለስ ያዘ።

«ምነው ሙሃና፣ መኪናህ ዋና አትችልም?» አለ ያው ሰውዬ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ሙሃና አሥራ ስድስት ባልዲ ቀዳ።

እሑድ ጠዋት ኸልፋን ጋራዡን ከወትሮው ቀደም ብሎ ከፍቶ በሩ ላይ ቆመ። መኪናዋ ከጠመዝማዛው ብቅ ስትል መጀመሪያ ያያት በዓይኑ ነው። ከጠጠሩ መንኮሻኮሽ በቀር ምንም አልሰማም። ሙሃና በሩ ላይ አቆማት። ሼህ ዛሂር ከፊት ወንበር ወርደው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«አርባ ደቂቃ ሙሉ አዳመጥኩ» አሉ። «የሰማሁት የልጆቹን ወሬ ብቻ ነው። ሥራው የሙሃና ነው።»

ሙሃና መሪውን እንደያዘ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ኸልፋን ካርቶኗን ከመደርደሪያው አምጥቶ ለሼሁ ሰጣቸው።

«ሁለቱም ከአንድ ካርቶን የወጡ ነበሩ። ይኼ ውሃ የገባበት ነው፤ ይኼ ያልገባበት።»

ሼህ ዛሂር ካርቶኗን አቅርበው፣ ከዚያ አርቀው አዩ። «‹የውሸት ዕቃ› ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ተሳስቻለሁ። ለአባቶቹም ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«ሼህ ዛሂር፣ ረፈደብን እኮ!» ብላ አንዲት ተማሪ ከኋላ መስኮት ጮኸች። «ዛሬ ስትመጣ ድምጿ ስላልተሰማን ሦስታችን ቁርስ ሳንበላ ነው የወጣነው!»

«ሂዱ፣ እኔ እዚህ እቆያለሁ» አሏት። መኪናዋ ከሄደች በኋላ ግን ካርቶኗን አልመለሱም፤ በጣታቸው እያዟዟሩ ቆዩ።

«አቡ ማጂድ» አሉ በመጨረሻ። «የእኔዋም ፒክአፕ ከፊት በቀኝ በኩል ትንሽ… ብዙ አይደለም፣ ትንሽ ታጉረመርማለች።»

«የት ነው የሚያጥቧት?»

ሼህ ዛሂር ወደ ወንዙ፣ ወደ ቁርቁራው ዛፍ በኩል አዩ።

«ነገ ያምጧት» አለ ኸልፋን።