ለሟች የተጻፈ መጥሪያ

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ወርቄ ነጠላቸውን አጣፍተው ጣቢያው በር ላይ ብቅ ሲሉ፣ ሳጅን ጋዲሳ በጓሮ በር ሾልኮ ሊወጣ ምንም አልቀረውም ነበር። ፖሊስ ከባልቴት ይሸሻል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይሸሻል እንጂ! ቃል ገብቶ ያላደረገ ሰው እንኳን ሳጅን ጄኔራልም ቢሆን ይሸሻል። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ፤ አዳማ ውስጥ ነው፣ ይበቃችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወይዘሮ ወርቄ ባል አቶ ፈይሳ ሰንበታ በመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ሃያ ስድስት ዓመት ችግኝ ሲያጠጡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰውን ክፉ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ከሰባት ወር በፊት እኩለ ቀን ላይ ዳቦ ሊገዙ ፌስታል ይዘው ወጡ፤ የአሰላ መንገድ ዳር መኪና ገጭቷቸው ጠፋ። ያ ሰዓት ደግሞ የአዳማ ፀሐይ ሰውን ሁሉ ቤት የሚከትበት፣ ነፋሱ አዋራውን የሚያስጨፍርበት ሰዓት ነውና አየሁ የሚል አንድ ሰው ጠፋ። የተገኘው የተሰበረ የፊት መብራት መስታወት ብቻ ነው። መርማሪው ጋዲሳ ነበር። ለቅሶው ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «እትዬ ወርቄ፣ አርባቸው ሳይወጣ ገጪውን እጁን ይዤ አመጣልዎታለሁ» ብሎ አረፈው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ።

አርባው ወጣ። ሰማንያውም ወጣ። ጋዲሳ ጋራዥ ለጋራዥ ሲዞር የጫማው ሶል አለቀ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም። በመጨረሻ አለቃው ኢንስፔክተር ሰብስቤ «ገጪው ያልታወቀ» ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ወይዘሮ ወርቄ ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ መጥተው አራቱንም ጊዜ «መዝገቡ ተዘግቷል እናቴ» ተብለው ተመልሰዋል። ጋዲሳ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፤ ሚስቱ «ጉንዳን ላይ ነው እንዴ የተኛኸው?» ትለዋለች። ወደ ቤቱ የሚሄድበትን መንገድ እንኳ የሴትየዋን ደጅ ላለማየት ቀይሯል።

የዚያን ሰኞ ግን ስለ መዝገቡ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

«አዲስ አቤቱታ ነው ያመጣሁት» አሉ ተቀምጠው። «ፈይሳ እየመጣ ነው።»

«የቱ ፈይሳ?» አለ ጋዲሳ።

«የኔው ነዋ! ስንት ፈይሳ አለኝ? በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ የግቢውን በር ከፍቶ ይገባል፤ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ አይናገርም። ጻፍልኝ።»

አጠገቡ የተቀመጠው ኮንስታብል ፍሬዘር እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። ፍሬዘር የፓስተር ልጅ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲሰማ ከፖሊስነቱ የፓስተር ልጅነቱ ይቀድማል። «እማማ፣ የሞተ ሰው አይመለስም። ይሄ የቀትር ጋኔን ነው፤ የሚያስፈልግዎት ጸሎት ነው» አላቸው።

«ጋኔን ገብቶ ሲቀመጥ ጫማውን ያወልቃል?»

«እ... አላውቅም።»

«ካላወቅህ ዝም በልና ይጻፍልኝ።»

ኢንስፔክተር ሰብስቤ ነገሩን ሲሰማ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። ይሁንና አዲስ አቤቱታ አዲስ ነው፤ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቦታው ይታያል። ሰፈሩ ተሸበረ የሚል ወሬ በበላይ አለቆቹ ጆሮ ከገባ ደግሞ ጣጣው ለእሱ ነው። «ሂዱና አይታችሁ ሴትየዋን አረጋጉ። ወሬ እንዳታበዙ» አለ።

ማክሰኞ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሁለቱ ፖሊሶች ግቢው ውስጥ ቆሙ። ሰፈሩ ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ አጥር ላይ ተደርድሯል፤ በዚያ ፀሐይ! ከሰዎቹ መሐል የፊት ለፊቱ ጎረቤት ገላና አለ፤ የአሰላ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነው። ያን ጊዜ የለቅሶውን ድንኳን የተከለ፣ ቀብርተኛውን በሚኒባሱ በነጻ ያመላለሰ ደግ ጎረቤት። ጋዲሳ ራሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄደው ከገላና አጠገብ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

«ሳጅን፣ ተናገረ እንዴ?» አለ ገላና አንገቱን በአጥሩ ላይ አስግጎ።

«ማን?»

«ሟቹ ነዋ።»

«ምን ይናገራል፣ አትቀልድ!» ብሎ ጋዲሳ ፊቱን አዞረ።

ወይዘሮ ወርቄ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አውጥተው በአንዱ ተቀመጡ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ያ የአዳማ አዋራ ተነሳና የቆርቆሮ በሩን ገፋው፤ በሩም ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። ነፋስ ነው፤ ነፋስ መሆኑን ጋዲሳም ያውቃል። ነገር ግን ሴትየዋ ወደ በሩ ያዩበት ዓይን! ሰው እንዲያ አድርጎ ባዶ በር አያይም።

«ገባ» አሉ ቀስ ብለው። «ተቀመጠ።»

የጋዲሳ ጠጉሩ ቆመ። ሳያስበው ባርኔጣውን አወለቀና ለባዶው ወንበር ጎንበስ ብሎ «አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ፈይሳ» ሲል በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ። በኋላ በዚህ ስንት ቀን ሲሳቅበት ከረመ መሰላችሁ! በዚያች ሰዓት ግን የሳቀ የለም። ፍሬዘር ዓይኑን ጨፍኖ እየጸለየ ነው፤ አጥር ላይ ያለው ሕዝብ ትንፋሹን ውጧል። ጋዲሳ ቃል የገባለት ሰው እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያየው መሰለው።

ያኔ ነው ወይዘሮ ወርቄ ያን ነገር ያመጡት።

«እኔን ስትፈልጉኝ መጥሪያ ትልኩልኝ የለ? ለእሱም ላኩለት። ፈይሳ በሕይወቱ ሙሉ የመንግሥት ወረቀት ደርሶት ቀርቶ አያውቅም።»

«እትዬ ወርቄ፣ ለሟች እንዴት መጥሪያ...»

«ለምን እንደተጠራ ግን በደንብ ይጻፍበት። ከዚያ የግቢዬ በር ላይ ለጥፈው፤ ሲገባ ያነበዋል።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ጋዲሳ ጣቢያ ተመልሶ በዚያው ከሰዓት የመጥሪያውን ቅጽ ሞላ። «ለአቶ ፈይሳ ሰንበታ። እርስዎን በመኪና ገጭቶ የሸሸው ማን እንደሆነ ቃልዎን እንዲሰጡ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጣቢያ እንዲቀርቡ።» ፈረመበት፣ ማኅተሙን ረገጠበት፣ ወስዶም የውጭ በሩ ላይ ለጠፈው።

ረቡዕን አትጠይቁኝ። ሰፈሩ እየተጋፋ መጥሪያውን ሲያነብ ዋለ፤ ፎቶ አንስቶ በስልክ ያሰራጨውም ብዙ ነው። ማታውን ኢንስፔክተር ሰብስቤ ጋዲሳን አስጠርቶ እንደ በርበሬ ተቃጠለ።

«አብደሃል? በመንግሥት ማኅተም ሬሳ ትጠራለህ? የተዘጋ መዝገብ ምን አስነካካህ? አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም?»

«ዘንዶ ቢወጣ ደስ ይለኝ ነበር፣ ኢንስፔክተር።»

«ነገ ሦስት ሰዓት ሲያልፍ ‹አልቀረበም› ብለህ ትጽፋለህ፣ ወረቀቱን ከበሩ ገንጥለህ ትጥላለህ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፈይሳ አንድ ቃል ብሰማ ማዕረግህን አወልቅልሃለሁ!»

ጋዲሳ ያን ሌሊት ከናካቴው አልተኛም። ሲነሳ ሲቀመጥ፣ ውኃ ሲጠጣ፣ በመስኮት ሲያይ ነጋ። ሟቹ ይመጣል ብሎ አምኖ ነበር ወይ? ኧረ እኔ ምኑን አውቄ! ብቻ የተጨነቀው ይመጣል ብሎ ሳይሆን ቃሌን እንደገና አጥፋለሁ ብሎ ነበር፤ ነገ ካለፈ ለዚያች ሴት የሚሰጠው ምንም የለውም።

ሐሙስ ጣቢያው ግቢ በሰው ተሞልቷል። የመጣው ሁሉ ጉዳይ አለኝ ይላል፤ መታወቂያ ጠፋብኝ፣ ስልክ ተሰረቅሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሁሉም የመጣው ሟቹን ሊያይ ነው። ሦስት ሰዓት ሲሞላ ጋዲሳ ፍሬዘርን «አልቀረበም ለማለት መጠራት አለበት። በሩ ላይ ቆመህ ጥራ» አለው።

«እኔ? ሳጅን፣ በኢየሱስ ስም...»

«በማንም ስም ይሁን፣ ጥራ!»

ፍሬዘር እንደ ፍርድ ቤት ተላላኪ በሩ ላይ ቆሞ ጮኸ። «አቶ ፈይሳ ሰንበታ!» ጸጥ። «አቶ ፈይሳ ሰንበታ!» ወፍ የለም። ሦስተኛውን ሲጠራ ድምፁ ተሰባበረበት።

«አቤት!»

ግቢው በአንድ እግሩ ቆመ። አንዲት ሴት እሪ አለች፤ ፍሬዘር ወደ ኋላው ሲሸሽ ከጋዲሳ ጠረጴዛ ጋር ተላተመ። ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለና ከኋላ ሰው መጣ። ገላና ነው። ሁለት ቀን እህል የቀመሰ አይመስልም፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ሸሚዙ ተዛንፎ ተቆልፏል።

«እሱን አትጥሩት» አለ። «እኔ እናገራለሁ። ብቻ እሱ እንዳይመጣ፣ እለምናችኋለሁ።»

ተቀምጦ ሁሉንም ተናገረ። ስልኩን እያየ ነበር። ቀና ሲል ሰውየው ከፊቱ ናቸው፤ ከዚያ የዳቦ ፌስታላቸው በነፋስ ተነስቶ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። በዚያው ቀን አርሲ ነገሌ ድረስ ነድቶ መብራቱን አስቀየረ፤ በማግስቱ ድንኳን ተከለ። «ያን ቀን ወደ ቀብር ስንሄድ ልነግርህ ነበር፣ ሳጅን። አጠገቤ ተቀምጠህ ‹እግዜር ይስጥህ፣ እንዳንተ ያለ ጎረቤት አይጥፋ› ስትለኝ አፌ ተያዘ።»

ጋዲሳ ብድግ አለ፤ በጥፊ ሊለው እጁ ተነስቶም ነበር። ጋራዥ ለጋራዥ የፈለገው መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ ሹፌሩን መርቆ ወርዷል። ከገላና ይልቅ በራሱ ተናደደ። እጁን አወረደና ቃሉን መጻፍ ጀመረ። ኢንስፔክተር ሰብስቤ በሩ ላይ ቆሞ ሰማና የተዘጋውን መዝገብ ራሱ ሄዶ ከመደርደሪያ አመጣ።

ጋዲሳ ወይዘሮ ወርቄ ግቢ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቆሞ ነገራቸው። የገላናን ስም ሲሰሙ አላለቀሱም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ድንኳኑን የተከለው?» አሉ።

«አዎ።»

«አይ ሰው!»

ጋዲሳ ምን እንደሚል ጨንቆት «እንግዲህ እፎይ ይበሉ፣ እትዬ ወርቄ። ደማቸው ተመልሷል። ከእንግዲህ ጋሼ ፈይሳም ያርፋሉ፤ አይመጡም» አላቸው።

ወይዘሮ ወርቄ ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ፈይሳ መቼ መጣና?» አሉ። «አራት ጊዜ ‹ተገደለብኝ› ብዬ መጣሁ፣ ‹ተዘግቷል› አላችሁኝ። ‹መጣ› ስላችሁ ተሯሩጣችሁ ግቢዬ ገባችሁ። አንድ ቀን እንኳ አልመጣም። ቢመጣልኝማ ለእናንተ እነግራችሁ ነበር? በሬን ቆልፌ ብቻዬን አየው ነበር እንጂ።»