ቀና የማትለዋ እና ጎንበስ የማይሉት

ልብስ ሰፊዋ ወገቧን መታመም ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ራጅ ተነሥታ «ንጹህ ነው» ተባለች፤ ክኒኑም ሆዷን አቃጠላት እንጂ ወገቧ ድረስ አልዘለቀም። ከሁሉ የሚያበግናት ግን የባሏ ነገር ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ አናጺ ነው፤ በር ሲገጥም ውሎ ይመጣና አየት አድርጎ፣ «ፊትሽ እኮ ወለል ብሏል፤ የታመመ ሰው አትመስዪም» ይላታል። እሷም በሆዷ «በፊቴ መሰለህ እንዴ የምጎነብሰው!» ትላለች። ለደንበኞቿማ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ወገቧን ያማታል ከተባለ ማን ጨርቁን ይሰጣታል?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ መጡ። ጡረታ ሊወጡ ነውና የሽኝት ቀሚስ እያሰፉ ነበር። ጎብጦ የሚቀመጥ ልጅ ስለማይወዱ ተማሪዎቻቸው «እትዬ ቀጥ በል» ይሏቸዋል። አሁን አንገታቸውን ታመው፣ ጆሯቸው ሥር በሚደርስ ወፍራም የአንገት ድጋፍ ተይዘው፣ እሳቸው ራሳቸው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለዋል።

ልብስ ሰፊዋ በርጩማ ላይ አቆመቻቸውና ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ተንበረከከች። የቀሚሱን ጠርዝ እየሰካች ዞራ የመጨረሻዋ ስፒል ላይ ስትደርስ ወገቧ ቀጭ አለ። በቃ። ሁለት እጇን መሬት ላይ እንደተከለች ቀረች።

«ጨረስሽ?» አሉ ዳይሬክተሯ።

ስፒሎቹ በከንፈሯ እንዳሉ «እምም» አለች።

«አንቺ ልጅ! የት ሄድሽ?»

ስፒሎቹን ተፋቻቸው። «እዚሁ ነኝ፣ እትዬ።»

«እዚሁ የት? አትታዪኝም እኮ!»

«እግርዎ ሥር። ወገቤ ያዘኝ፤ መነሣት አቃተኝ።»

«ውይ! እኔ ደግሞ ጎንበስ ማለት አልችልም። ሰው ካልያዘኝም ከዚህ አልወርድም!»

በርጩማው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዳይሬክተሯ ሳቃቸውን ሊውጡ እየታገሉ ነው።

«በናትዎ አያስቁኝ፣ እትዬ! ስስቅ ይወጋኛል!»

«እኔንስ መች ማረኝ! ዝም በይ!»

ዝም ማለቱ ባሰ። ከታች «ወይኔ ወገቤ!» ከላይ «ኧረ አንገቴ!» እየተባለ ሳቁ ቤቱን ሞላው። በመጨረሻ ዳይሬክተሯ የክፍል ድምፃቸውን አወጡ።

«ሥርዓት! መሬቱን የምታዪው አንቺ ነሽ፤ ምሪኝ።»

«ቀኝ እግርዎን ወደ ኋላ... ትንሽ ዝቅ... ኧረ ጣቴን!»

«አንሺዋ ጣትሽን!»

«እሺ። መቀስ አለ፣ በግራ ይለፉ። አሁን ይርገጡ።»

ግድግዳውን ተደግፈው ወረዱና የገበር ጨርቅ መሬት ላይ ጣሉ። «በጎንሽ ጋደም በይ፣ አትታገዪው። ቀስ ብለሽ በጀርባሽ፤ እግርሽን ወንበሩ ላይ። ፊዚዮቴራፒ የምታሠራን ልጅ ያሳየችን ነው።» እሳቸውም አጠገቧ ተዘረጉ። ወገቧ ቀስ በቀስ ረገብ አለላት።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማን እናገራለሁ? ሕመሙ እንደሆን አይታይ።»

«እኔንም ይህ ነገር አንገቴ ላይ እስኪታሰር ማንም አላመነኝም። እንዲያውም ልንገርሽ? ሳያስፈልገኝ የማስረው ቀን አለ፤ አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ይለቁልኛል።»

ሳቁ እንደገና ገነፈለ። ባልየው በሩን የከፈተው ይሄኔ ነው። ሁለት ሴቶች መሬት ላይ፣ አራት እግር ወንበር ላይ፣ እንባቸው በጆሯቸው ይፈሳል።

«ምን ጉድ ነው? ጠጥታችኋል እንዴ?»

«አንተ!» አሉ ዳይሬክተሯ። የድሮ ተማሪያቸው ነበርና ቀጥ አለ። «ሚስትህ ወገቧን ታማለች።»

«እትዬ፣ ፊቷ ግን...»

«ስለ ፊቷ አልጠየቅኩህም!»

አጠገቧ ተንበረከከ። ስታቃስት ያላመናት ሰው እየሳቀች አመናት። ፈራ ተባ እያለ፣ «የት ጋ ነው?» ሲላት፣ እጁን ወስዳ ቦታው ላይ አኖረችው።

የቀረችውን ስፒል በሁለት ሴቶች ትእዛዝ የሰካት እሱ ነው። ጠርዙ በአንድ በኩል ትንሽ አጠረ፤ ዳይሬክተሯም ሽኝቱ ላይ እንዳጠረ ለበሱት። እሱ የስፌት ጠረጴዛዋን ከፍ አደረገላት፤ ማታም «ፊትሽ» ማለቱን ትቶ «ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ይላታል። ሕመሙ ጨርሶ አልለቀቃትም። ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ሁለቱ ሴቶች አብረው ፊዚዮቴራፒ ይሄዳሉ፤ ባለሙያዋም ትለምናቸዋለች፦ «እባካችሁ፣ መጀመሪያ እንቅስቃሴውን ሥሩ፤ ከዚያ ትስቃላችሁ።»