ግልባጭ ለጣቢያ ዘጠኝ

አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት የሠራው ሥራ ሲነገር ቀላል ነው፤ ዘንግ መስጠትና ዘንግ መቀበል። ከጣቢያ ዘጠኝ እስከ ጣቢያ አስር ያለው ሐዲድ ነጠላ ስለሆነ፣ ሁለት ባቡር ከሁለት ወገን ከገባበት መተላለፊያ የለም፤ መላተም ነው። ስለዚህ ለዚያ ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር አንዲት የናስ ዘንግ ተሠራችለት። ክንድ ታህላለች፤ በአንድ ጫፏ ዘጠኝ፣ በሌላው አስር የሚል ተቀርጾባታል። ዘንጓን ያልያዘ ነጂ፣ ሚኒስትር ጭኖም ቢሆን፣ ወደ መስመሩ አይገባም። ሐዲድ ጠጋኝ እንኳ ብሎን ከመፍታቱ በፊት አባቴ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ፈርሞ ይወስዳታል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ሰዉ አባ ዘንግ ይለዋል። እሱም ስሙን ይወደዋል፤ እናቱ ያወጣችለትን ከጠሩት ዘወር የሚለው ዘግይቶ ነው።

እኔ ልጅ ሆኜ ባቡሩ ባቡር ነበር። በቀን ስድስት ጊዜ ያልፋል። መምህራችን ሰዓት አልነበረውም፤ የአስር ሰዓቱ ፊሽካ ሲነፋ ጠመኔውን ያስቀምጣል። የባቡር ሠራተኛ ለልጅህ ሽማግሌ ላከ ከተባለ አባት የሚጠይቀው ነገር አልነበረም፤ «የመንግሥት ባቡር ነው?» ይላል፣ አለቀ። ሚኒስትር ጭኖም ቢሆን ያልኩት ለአፍ ማሳመሪያ አይደለም። አንድ ቀን እውነተኛ ሚኒስትር የጫነ ባቡር ዘጠኝ ላይ አርባ ደቂቃ ቆመ፤ ዘንጓ አስር ስለነበረች። ሰውዬው ወርደው በአባቴ ላይ ጮኹ። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ጌታዬ፣ ቢቆጡም ዘንግ እግር የለውም፤ ባቡር ይዞት ሲመጣ ነው የሚመጣ» አላቸው። ሳቁ ይባላል። የምስጋና ወረቀት ልከውለት እናቴ በመስታወት አድርጋ ከአልጋው በላይ ሰቅላዋለች።

ከዚያ የባቡሩ ነገር ወረደ። እንዴት ወረደ ብትሉኝ፣ ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስደው ነው። መጀመሪያ የሦስተኛ ማዕረግ መስኮቶች ተሰበሩ፣ የሚተካቸው ጠፋ። ቀጥሎ መለዋወጫ አልመጣም፤ አንዷን ሎኮሞቲቭ ለማዳን ሌላዋ ታረደች፣ ኋላ ያቺኑ ለማዳን ሦስተኛዋ። ስድስቱ ጉዞ ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ በሳምንት አንድ። እኔ በዋናው መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የተቀጠርኩት ያኔ ነው፤ አባቴ በኩራት አስቀጠረኝ። ባቡሩ ሲቀንስ ወንበሩ በዛ። በመጨረሻው ዓመት የሚንቀሳቀሱት ሎኮሞቲቮች ሁለት፣ የመምሪያ ኃላፊዎቹ ደግሞ አሥራ አራት ነበሩ። አንደኛው የመንገደኞች እርካታ መምሪያ ኃላፊ ነበር፤ መንገደኛ ካጣን ሦስት ዓመታችን። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ እያልን ፎቅ ላይ ሆነን እንተርታለን፣ ስለ ጎረቤት መሥሪያ ቤት የምናወራ ይመስል። እኔም ደመወዜን እየበላሁ አብሬ እስቅ ነበር።

አባቴ ጡረታ የወጣው በወረቀት ነው። ዘንጓን የሚረከበው ሰው አልተላከም። «ተረካቢ ሳይመጣ ርክክብ የለም» ብሎ ከእናቴ ጋር እዚያው የጣቢያው ቤት ቀረ። በየማለዳው ዘንጓን ይወለውላታል፣ ሐዲዱ ዳር ያለውን ሣር ያጭዳል፣ ያቺን በእጅ የምትገፋ የጥገና ጋሪ ጎማዎቿን ዘይት ይቀባል። የሚያዩት ሰዎች ያዝኑለት ነበር። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አፍርበት ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ኃላፊዬ ጠርቶ አንድ ደብዳቤ አስጻፈኝ። ሐዲዱ ለተቋራጭ ተሰጥቷል፤ ከጣቢያ አስር ተጀምሮ ወደ ዘጠኝ እየተነቀለ ይመጣል፤ ማንም በመስመሩ እንዳይጠቀም ይላል። ከታች ግልባጭ ለጣቢያ ዘጠኝ።

«የዘጠኙን አንተው አድርሰው» አለኝ። «የአባትህ ቤት አይደል እንዴ? በፖስታ ምን አደከመን። መዝገቡ ላይ ብቻ አስፈርመህ አምጣልኝ።»

እሑድ በአውቶቡስ ሄድኩ። እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ስማኝ ስታበቃ ትከሻዬን ይዛ አየችኝ።

«ምን ይዘህብኝ መጣህ?»

«ምንም።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ነኝ የወለድኩህ። የደረት ኪስህን ሦስቴ ዳሰስከው።»

ነገርኳት። እርጥቡን አንሶላ ታቅፋ ቆመች፤ ቀሚሷ እስኪርስ።

«አትስጠው» አለች ቀስ ብላ። «ይሄን ሰውዬ አቆይልኝ። ሐዲዱን ሲነቅሉ እሱንም አብረው ነው የሚነቅሉት።»

«ኋላ ሲሰማስ?»

«ሲሰማ ይሰማላ። እስከዚያው ሆድ ይፍጀው፤ ያንተም ሆድ፣ የኔም።»

ምሳ ላይ አባቴ ደስ ብሎት ሲያወራ ዋለ። «ሞተ ይሉታል መስመሩን» አለ እየሳቀ። «ዘንጉ እጄ ላይ እያለ እንዴት አድርጎ ነው የሚሞተው? እስቲ ማን አባቱ ነው ሳይፈርም አንዲት ብሎን የሚፈታ!» እናቴ አየችኝ፤ ጎረስኩ። ደብዳቤውን በኪሴ ይዤው ተመለስኩ። መዝገቡ ላይ የአባቴን ፊርማ እኔ ፈረምኩ። ከልጅነቴ የማውቃት፣ ጅራቷ ወደ ላይ የምትጠመዘዝ ፊርማ ናት፤ የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ ስንቴ አስመስያት ነበር። ለክፋት አይደለም፤ የደብዳቤው ነገር እንዲረሳ ነው።

የሆነውን የነገረኝ ፍሬኖ ነው። ፍሬኖ ጡረታ የወጣ የባቡር ፍሬን ያዥ ነው፤ የአባቴ እኩያ፣ የእናቴ ጎረቤት።

በነሐሴ ጎርፉ በዘጠኝና በአስር መካከል ያለውን የመኪና ድልድይ ወሰደው፣ የስልክ ምሰሶውን ጨምሮ። ተቋራጩ በአስር በኩል መንቀል የጀመረው በማግስቱ ነው፤ በተራራው ዞሮ ወሬውን ወደ ዘጠኝ ያመጣ ሰውም አልነበረም። በአምስተኛው ቀን ማለዳ እናቴን ሆዷን አመማት። ተንከባለለች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ለንክኪ እምቢ አለ። ሐኪም ቤቱ አስር ነው ያለው። የሰፈሩ ጎረምሶች ቃሬዛ ይዘው መጡ፤ በተራራው አቋራጭ አራት ሰዓት ይፈጃል፣ እንሂድ አሉ።

«አራት ሰዓት ምን በወጣት!» አለ አባቴ። «በጋሪው ሁለት ሰዓት አይሞላም።»

ፍሬኖ ፈራ። «አባ ዘንግ፣ መስመሩን ካየነው ስንት ጊዜያችን? ከወዲያ አንድ ነገር ቢመጣስ?»

አባቴ ዘንጓን አውርዶ አሳየው። «ይቺ እዚህ እያለች ከወዲያ ምን ይመጣል? አንተም እንዲህ ትላለህ? አንተም?»

ፍሬኖ ይኼን ሲነግረኝ አለቀሰ። «አሳፈረኝ» አለ። «ሠላሳ ዓመት ፍሬን ስይዝ ያችን ዘንግ አምኜ ነው የኖርኩት። እውነቱን ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ፍራሽ አነጠፉላት፣ በፕላስቲክ ሸፈኗት። ጎረምሶቹ ጋሪዋን እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ገፍተው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሽማግሌዎች ይበቃሉ ተባለ። ጋሪዋ በዘይት ስለኖረች ሄደችላቸው። እናቴ ትንሽ ቀለል ብሏት፣ «ሰውዬ፣ ሰርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አላንሸራሸርከኝም» አለችው። አባቴ ሳቀ። የደብዳቤውን ነገር አልነገረችውም። ልሸፍናት ብዬ አይደለም፤ የሚነቀልበትን ጊዜ እኔም እሷም አናውቅም ነበር፣ ክረምት ወጥቶ ይሆናል ብዬያት ነበር። እንደዚያ ያልኩት ከራሴ አፍልቄ ነው።

አሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ረጅሙን የብረት ድልድይ ተሻግረው ኩርባውን እንደዞሩ፣ ሐዲዱ አለቀ።

ፍሬኖ ፍሬኑን ያዘ። ከፊታቸው ጭቃ ነው፤ ነቃዮቹም በዝናቡ ምክንያት ወደ ካምፓቸው ገብተዋል። ሐዲዱም የለም፣ የተጋደሙበት እንጨቶችም የሉም፤ በየቦታቸው ውሃ የቋጠሩ ጉድጓዶች ተደርድረዋል። አባቴ ከጋሪው ወርዶ ሐዲዱ የተቆረጠበትን ጫፍ በእጁ ነካው። «ማን ፈረመ?» አለ። «ፍሬኖ፣ እኮ ማን ፈረመ?» እያለ ደጋገመ፣ እናቴ ከኋላው እያቃሰተች።

ወደ ኋላ እንዳይመለሱ ዳገት ነው። ሁለት የሰባ ዓመት ሽማግሌዎች ፍራሹን በሁለት ጫፍ ይዘው አምስት ኪሎ ሜትር በጭቃ ተሸከሟት። ሃምሳ እርምጃ ሄደው ያስቀምጧታል፣ ደግሞ ያነሷታል። አስር መግቢያ ላይ ያለው የነቃዮቹ ካምፕ ጋ ሲደርሱ ሰዎች ሮጠው ተቀበሏቸው። ሐኪም ቤት ስትገባ በሕይወት ነበረች። ሐኪሙ አንጀቷ መጠማዘዙን፣ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላ ብትመጣ ቀዶ ያድናት እንደነበር ተናገረ። ሰባት ሰዓት ነበር መንገድ ላይ የቆዩት። በቃሬዛው ቢሆን ትደርስ ነበር። ይኼን ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም፤ ጎረምሶቹ አቀርቅረው ሲያልፉኝ አያለሁ።

ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን ኃላፊዬ ሊያጽናና መጣ። አባቴ ጎን ተቀምጦ፣ «ምን ዋጋ አለው፣ ደብዳቤው እኮ ደርሶዎት ነበር፤ ፈርመው ተቀብለዋል» አለው። ክፉ ሰው አይደለም። መዝገቡ የሚለውን ነው ያለው። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።

በማግስቱ ለቀስተኛው ሲበተን አባቴ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አስቀምጧል። ሦስት ቀን ምግብ አልቀመሰም፤ አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ቀጥኗል።

«ና ልጄ፣ እጅህ ጽሑፍ ያውቃል። ሪፖርት ጻፍልኝ።»

«ለማን ነው አባዬ? ማን ያነበዋል?»

«ሰው ሞቶበት ሪፖርት ያልተጻፈበት ቀን በኔ ጣቢያ የለም።» ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኖቹ ሕፃን ልጅ አስመሰሉት። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፈርመሃል አሉኝ። እኔ ደግሞ አላስታውስም። ሌሊቱን በሙሉ ሳስብ አደርኩ፤ አላስታውስም። እድሜ ነው መሰለኝ ልጄ። ደብዳቤውን ተቀብዬ፣ ፈርሜ፣ ረስቼው ይሆን እንዴ? ረስቼ እናትህን...»

አልጨረሰውም። ሽማግሌ ሲንቀጠቀጥ ማየት ከባድ ነው፤ አባት ሲሆን ደግሞ አይቻልም። አቤት፣ ዝም ብል እኮ እችል ነበር! እድሜ ነው ብዬ ትከሻውን ብደባብሰው ያምነኝ ነበር። እሷ አትስጠው ብላኝ ነው ማለትም እችል ነበር፤ ያንን ግን እስከ ዛሬ አልተናገርኩትም፣ ለሱም አልነግረውም።

«አልረሳህም አባዬ» አልኩት። «ደብዳቤው አልተሰጠህም።»

«ፊርማዬስ?»

«ፊርማው የኔ ነው።»

«ደብዳቤው የት አለ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

«መቼ ነው ያመጣኸው?»

«በሰኔ፣ ያን እሑድ። ምሳ ስንበላ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

እንዲመታኝ ጠበቅኩ። ቢመታኝ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። አልመታኝም፣ አልጮኸም። መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ ለቀቀው። ፊቱን በመዳፉ ጠረገ፣ ተነሣ፣ ራሱ የተቀመጠበትን ወንበር በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ጠረጴዛው አዞረልኝ።

«ይቀመጡ» አለኝ።

በደንብ ያልሰማሁ መስሎኝ ቆምኩ።

«ይቀመጡ እንጂ። ከዋናው መሥሪያ ቤት መጥተው ቆመው ይጽፋሉ እንዴ?»

«አባዬ...»

«ይጻፉ» አለ ወደ መስኮቱ ዞሮ። «ከጣቢያ ዘጠኝ። ደብዳቤው አልደረሰኝም። ነጥብ ያድርጉበት።»

ጻፍኩ። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ በየወሩ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ፣ በር ከፍቶ በአክብሮት ያስገባኛል፣ ደህና ሰነበቱ ይለኛል። አንተ ብሎኝ ግን አያውቅም።