አግዳሚው ወንበር

በአውቶቡሶቹ ጋራዥ ውስጥ «እሺ» ሞልቶ ይፈሳል። አዲሷ አለቃቸው አዲሱን አሠራር ልታስረዳቸው በሰበሰበቻቸው ቁጥር አሥሩም መካኒኮች እሺ ይሏታል፤ ካንገት በላይ ነው። በማግስቱ እቃ የሚጠይቁት በኮምፒውተር ሳይሆን፣ እንደ ድሮው የመለዋወጫ ስቶሩ መስኮት ላይ ተሰልፈው ነው። አቤት የሰው ነገር! እምቢ ቢሏት ይሻላት ነበር፤ እምቢ ያለን ሰው ቢያንስ ይከራከሩታል።

ከዚያ መስኮት ጀርባ አሥራ አንድ ዓመት እቃ ስታድል የኖረችው እኮ ራሷ ናት። ያኔ «እህት ዓለም» ነበሩ የሚሏት፤ ምሳዋን አብራቸው ትበላለች፣ ሲያሾፉባት መልሳ ታሾፍባቸዋለች። የለውጡ ኃላፊ ተብላ ፎቅ ከወጣች ወዲህ «አለቃ» ሆነች፣ ከአንድ አንጋፋ በቀር አንቺ የሚላትም ጠፋ። ምሳዋንም ብቻዋን ትበላለች። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ቁርጡን ነግሯታል፦ አውቶቡሶቹ መለዋወጫ ሲጠብቁ ተገትረው መዋላቸው በሦስት ወር ካልቆመ ጥገናው ለሌላ ድርጅት ይሰጣል፣ መካኒኮቹም ይሰናበታሉ። ይህንንም ነግራቸዋለች። እሺ አሏት።

ሁለት ወር እንደ ዋዛ አለፈ። ጭንቅ ሲላት ጋሼ ሞተር የሚባሉትን አንጋፋ መካኒክ ለብቻቸው ይዛ፣ ምን አጥፍቼ ነው አለቻቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሥር ተጋድመን ነው የምንውለው። የሰው ፊት የምናየው እዚያ መስኮት ላይ ስንሰለፍ ነው። እሱን ነው የወሰድሽብን» አሏት።

ክው አለች። እሷስ አሥራ አንድ ዓመት ስትስቅ የኖረችው የት ሆነና!

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ ጠዋትና ከሰዓት አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ እረፍት፣ መስኮቱ አጠገብም ረጅም አግዳሚ ወንበር ጠየቀች። ለወሬ ደሞዝ ልክፈል ወይ ብሎ ተቆጣ። ለወሬማ እርስዎ ድሮም እየከፈሉ ነው፣ አሁን ግን እነሱ ሲያወሩ አውቶቡስ ቆሞ አይጠብቅም አለችው። እያጉረመረመም ቢሆን ፈረመ።

ወንበሩ መጣ፣ ሰልፉ ተበተነ። ለመገናኘት መሰለፍ አላስፈለጋቸውማ! በሦስተኛው ሳምንት የእቃው ጥያቄ ሁሉ በኮምፒውተር ይገባ ጀመር፣ አውቶቡሶቹም በሰዓታቸው ወጡ።

ጥገናው እዚያው እንዲቀጥል የተወሰነበት ደብዳቤ የደረሳት ዕለት፣ ደስታዋን ፎቅ ላይ ለብቻዋ ይዛ መቀመጥ አቃታት። በእረፍታቸው ሰዓት ደረጃውን ቸኩላ ወረደች። ወንበሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ አንዱ ሲቀልድ ሌሎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ጫፉ ላይ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አለ። እሷ የምትፈልገው እሱኑ ነበር።

ሲያዩዋት ሳቁ ቆመ። ሁሉም ብድግ አሉ፤ ጋሼ ሞተር እንኳ ሳይቀሩ።

«ኖር፣ አለቃ።»

ኧረ በፈጠራችሁ ተቀመጡ አለቻቸው፤ ሥራቸው መትረፉንም ነገረቻቸው። ከልባቸው አመሰገኗት፣ ጋሼ ሞተርም መረቋት። ከዚያ እረፍታችን አለቀ እያሉ አንድ በአንድ ወደየአውቶቡሶቻቸው ሄዱ። ሰዓቷን አየች፤ ገና ዘጠኝ ደቂቃ ይቀራል።

ዘጠኙንም ደቂቃ ብቻዋን ተቀመጠችበት።