ሦስተኛው ማንኪያ

እኔ ለፍላፊ ነኝ፤ ደንበኞቼ ሁሉ ያውቃሉ። ሠላሳ ዓመት እርጎ ስሸጥ ማንንም ዝም ብዬ ሸኝቼ አላውቅም። "እንዳታፈሉት። ሆድ የሚጠግኑት ባክቴሪያዎች በሕይወት ያሉ ናቸው፤ ካፈላችሁት ያልቃሉ" እላለሁ። ባለቤቴ ሱቁ ጥግ ተቀምጦ፣ "ሐኪሟ ጀመረቻችሁ" እያለ ይስቅብኛል። እሱ ራሱ ግን ጠዋት አንድ ሳህን እርጎ ሳይበላ ከቤት ወጥቶ አያውቅም።

የደም ካንሰር ይዞት ሆስፒታል የተኛ ቀን ወጣቱ ሐኪም ጠራኝ።

"እናቴ፣ እርጎ እንዳይሰጧቸው።"

"ምነው ልጄ፣ እርጎ እኮ ለሆድ መድኃኒት ነው።"

"ለእርስዎና ለእኔ አዎ። እሳቸው ግን በሕክምናው የተነሳ ሰውነታቸው መከላከያ የለውም። ለእኛ ደግ የሆነው ባክቴሪያ እሳቸውን ሊጎዳ ይችላል። ሲሻላቸው እንፈቅዳለን።"

ባለቤቴ ሁለት ወር ሙሉ ለመነኝ። "አንቺ ሴትዮ፣ ለአገር ምድሩ እየሸጥሽ ለእኔ ትነፍጊኛለሽ?" ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ቱግ አልኩና፣ "አንተ ብቻ ዳንልኝ፣ በባልዲ ነው የማቀርብልህ" አልኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ከልጄ ጋር ብዙ አወራ። ከዚያ ወደ እኔ መጣና አንገቱን ደፍቶ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ያማራቸውን ሁሉ ይስጧቸው" አለኝ።

"እርጎም?"

"እርጎም።"

ልጄን ጥምጥም አልኩባት። እሷ ታለቅሳለች። "አባትሽ ድኖልሽ ምን ያስለቅስሻል?" ብዬ ተቆጣኋት። ወደ ቤት ስከንፍ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ "ባለቤቴ ዳነልኝ" እያልኩ ነበር። ወተቱን አፈላሁ፣ ጣቴ እስኪችለው አበረድኩት፣ እርሾውን ጨምሬ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት።

በማግስቱ የረጋውን ይዤለት ሄድኩ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመው። "ያንቺው ነው" አለ። ሁለተኛውን ዋጠና፣ "ማን ፈቀደልሽ?" አለኝ።

"ሐኪሙ ነዋ። ያማረውን ሁሉ ይብላ ብሏል።"

ጣሪያውን ሲያይ ቆየና ዞሮ እኔን አየኝ። ፊቴ በደስታ በርቶ ነበር፤ እንዴት አይበራ።

"እንግዲያው ድኛለሁ በይኛ" አለ። "ባልዲውስ የታለ?"

እየሳቅኩ ሦስተኛውን አጎረስኩት። ለመዋጥ ተቸገረ፤ ግን ዋጠው።

ዓርብ አረፈ። ማክሰኞ "እንኳን ደስ ያለሽ" ያሉኝ ሰዎች ለቀብር መጡ። ልጄ ከቀብር መልስ እግሬ ሥር ተቀምጣ ሐኪሙ ያላትን ነገረችኝ። "ከእንግዲህ የምናደርግላቸው ነገር የለም፤ ቢያንስ ያማራቸው አይቅርባቸው" ነበር ያላት። ልትነግረኝ አቅም አጥታ ነው።

ሁለተኛውን ማንኪያ ውጦ ጣሪያውን ሲያይ ገብቶት ነበር ለካ። ሦስተኛውን የበላው ለእኔ ብሎ ነው።